በጭፍን ከመለወጥ አውቆ መለወጥ

ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባው ከ20 አሚኖ አሲዶች ነው። ከእነዚህ 9ኙን ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ላይሲን ከዘጠኙ አንዱ ሲሆን በስንዴ፣ በበቆሎና በማሽላ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚያንሰውም እሱ ነው። አንዱ ሲያንስ ሌሎቹ ቢትረፈረፉም ፕሮቲን አይሠራባቸውም፤ ሰውነት ለኃይል ያቃጥላቸውና ናይትሮጂናቸውን ያስወግዳል። እንጀራን በሽሮ ወይም በምስር ወጥ የሚበላ ሰው ጉድለቱን ሳያውቀው ይሞላዋል፤ ጥራጥሬ በላይሲን የታደለ ነውና። በቆሎ እየተመገበ በጥቂት ሳምንታት ለገበያ እንዲደርስ ለሚፈለግ የሥጋ ዶሮ ግን ላይሲኑን አርቢው ሊጨምርለት ይገባል። በዚህ የተነሳ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ላይሲን በፋብሪካ ይመረታል። የሚሠሩት በግዙፍ ጋኖች ውስጥ ስኳር እየተቀለቡ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የብዙዎቹ ዘረመልም በሰው እጅ ተለውጧል።

ዘረመል ተለወጠ ሲባል ብዙ አንባቢ ይሠጋል። መሥጋቱም ያገባዋል፤ ወደ ምግብ ሰንሰለት የሚገባ ነገር ነውና። እኔ የምከራከረው ሥጋቱ ያረፈበት ቦታ ትክክል አይደለም ብዬ ነው። ባክቴሪያን ለአሚኖ አሲድ ምርት ሲሉ መለወጥ የተጀመረው የዘረመል ምሕንድስና ከመፈልሰፉ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። በዚያ ዘመን በባክቴሪያው ላይ ምን ለውጥ እንደደረሰ ለዋጮቹ ራሳቸው አያውቁም ነበር። የዛሬው ለውጥ ግን የትኛው የዲኤንኤ ፊደል በየትኛው እንደተተካ ተለይቶ ይታወቃል። አንድን ምርት እንመን ወይስ እንጠርጥር ብለን ስንጠይቅ መለኪያችን ሊሆን የሚገባው ስለ ለውጡ ያለን ዕውቀትና በመጨረሻው ምርት ላይ የምናደርገው ፍተሻ ነው። ዘዴው ጥንታዊ ወይም አዲስ መሆኑ ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ታሪኩ የሚጀምረው ጃፓን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ የቶኪዮ ኬሚስት ኮምቡ ለሚባለው የባሕር አረም ሾርባ ጣዕሙን የሚሰጠው ግሉታሜት የተባለ አሚኖ አሲድ መሆኑን አረጋገጠ። በዓመቱ ቅመሙ አጂኖሞቶ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ግሉታሜት ይወጣ የነበረው የስንዴን ፕሮቲን በጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እያፈሉ ነው። ዘዴው ብዙ እህል ይፈጃል፣ አሲዱም የብረቱን ዕቃ ይበላል። ከጦርነት ወጥታ ምግብ ላጠራት አገር ይህ ከባድ ወጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በኪዮዋ ሃኮ ኩባንያ ውስጥ ሹኩዎ ኪኖሺታና ሺገዞ ኡዳካ ከስኳር ግሉታሜት ሠርቶ ወደ ውጭ የሚለቅ ተሕዋስ ፍለጋ ገቡ። ፍለጋው ለብዙ ሰው የማይመስል ነበር፤ ሕያው ሴል የሚያስፈልገውን ብቻ ሠርቶ ለራሱ የሚይዝ እንጂ ትርፍ ወደ ውጭ የሚደፋ አይደለምና። ከአፈር ያገኙት አንድ ባክቴሪያ ግን ይህን አደረገ። ዛሬ ኮራይኔባክቴሪየም ግሉታሚከም ይባላል። ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ሲያጥረው የሴሉ ሽፋን ይዛባና ግሉታሜቱን ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ግሉታሜቱ የሚወጣበት የፕሮቲን በር የትኛው እንደሆነ ተለይቶ የታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኢንዱስትሪው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ምክንያቱን በቅጡ ሳይረዳ ሲያመርት ኖሯል።

ላይሲን እንዲህ በቀላሉ አልተገኘም። ሴሉ ላይሲን የሚሠራው አስፓርቴት ከሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ተነስቶ በብዙ ደረጃ ነው። መንገዱ መሐል ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ላይሲን፣ ሌላው ወደ ትሪዮኒንና ወደ ሜቲዮኒን ይሄዳል። የመጀመሪያውን ደረጃ የሚያካሂደው ኤንዛይም አስፓርቶካይኔዝ ነው። ላይሲንና ትሪዮኒን አብረው ሲበዙ በዚህ ኤንዛይም ላይ ይለጠፉና ሥራውን ያስቆሙታል፤ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ መደቡ ሲረካ ቦዩን ከአፉ ላይ እንደሚደፍነው ማለት ነው። ትርፍ ላይሲን የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፦ ወደ ትሪዮኒን የሚሄደውን ቅርንጫፍ መዝጋትና ድፍኑን ማንሳት። የኪዮዋ ሃኮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያውን አደረጉት። የትሪዮኒኑ ቅርንጫፍ የተበላሸበት ባክቴሪያ አገኙ፤ ትሪዮኒን ሳይኖር ላይሲን ብቻውን ኤንዛይሙን ማስቆም ስለማይችል ላይሲኑ ተትረፈረፈ።

ወሳኙ ጥያቄ ይህ ባክቴሪያ እንዴት ተገኘ የሚለው ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎችን በአልትራቫዮሌት ጨረር ወይም ናይትሮሶጓኒዲን በተባለ ዲኤንኤ አበላሽ ኬሚካል ይመታሉ። ብዙው ይሞታል፤ የተረፈው ላይ የዘፈቀደ ለውጥ ይታተማል። ከዚያ የሚፈለገውን ጠባይ ያሳየውን ይለቅማሉ። ድፍኑን ለማንሳትም ላይሲንን የሚመስል ግን ለሴሉ መርዝ የሆነ ኬሚካል ተጠቀሙ። ይህ አስመሳይ ኬሚካል ኤንዛይሙን እንደ ላይሲን ስለሚያስቆመው እውነተኛው ላይሲን ያልቅና ሴሉ ይሞታል፤ በሕይወት የሚቆየው ኤንዛይሙ ከመታገድ ነፃ የወጣለት ብቻ ነው። የተረፈውን እንደገና በኬሚካል መምታት፣ እንደገና መልቀም፣ ይህን ለዓመታት መደጋገም ነበር ሥራው። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ዓለም ለአሥርተ ዓመታት ላይሲን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ዙር ከተፈለገው አንድ ለውጥ ጋር ያልተፈለጉ ብዙ ለውጦችን ጎትቶ ያመጣል። በመጨረሻ የተገኙት ባክቴሪያዎች ብዙ ላይሲን ቢሰጡም አዝጋሚ፣ በቀላሉ የሚጎዱና ስኳር ቀስ ብለው የሚበሉ ነበሩ። ከተሸከሙት ለውጥ የትኛው እንደሚጠቅም፣ የትኛው እንደሚጎዳ፣ የትኛውም ከንቱ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ጭፍንነቱ የተገፈፈው የባክቴሪያው ዲኤንኤ ሲነበብ ነው። ባክቴሪያው 3.3 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት አሉት፤ ሙሉ ንባቡ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የኪዮዋ ሃኮ ተመራማሪዎች በሐሳቡ ቀላል የሆነ፣ ውጤቱ ግን ትልቅ ሥራ አከናወኑ። ለአሥርተ ዓመታት በኬሚካል ሲመታ የኖረውን አምራች ባክቴሪያ ካልተነካው የዱር ዘመዱ ጋር በላይሲን መንገድ ላይ ባሉ ዘረመሎች አነጻጸሩ። ካገኟቸው ልዩነቶች ሦስቱን መርጠው በዱሩ ባክቴሪያ ላይ ተከሉ። አንደኛው በአስፓርቶካይኔዝ ላይ 311ኛውን አሚኖ አሲድ ከትሪዮኒን ወደ አይሶሉሲን የሚቀይርና ድፍኑን የሚያነሳ ነው። ሁለተኛው የትሪዮኒኑን ቅርንጫፍ ያጠባል፤ ሦስተኛው ወደ አስፓርቴት የሚመጣውን የካርቦን ፍሰት ያሰፋል። ከዚህ በቀር የዱሩ ባክቴሪያ አልተነካም፣ ብርታቱም አልጎደለም። በ27 ሰዓት ውስጥ በሊትር 80 ግራም ላይሲን ሰጠ፤ በፍጥነት እስከዚያ ጊዜ ከታወቀው ሁሉ የላቀ ነበር። ዘመን ከፈጀው የለውጥ ክምር ውስጥ እንዲህ ላለ ፍሬ ሦስቱ በቂ ሆነው ተገኙ።

ከዚህ ሥራ በፊትም በኋላም ሌሎች ግኝቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በጀርመን የዩሊሽ የምርምር ማዕከል ላይሲንን ከሴሉ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፕሮቲን ተለየ። በውስጥ የተትረፈረፈ ምርት መውጫ ካላገኘ ሴሉን ራሱን ስለሚጎዳ ይህ ግኝት ትልቅ ነበር። በኋላም ትኩረቱ ወደ ሴሉ የኃይል ሒሳብ ዞረ። አንዱን የላይሲን ሞለኪውል ለመሥራት ኤንኤዲፒኤች የሚባል ረዳት ሞለኪውል አራት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ስኳሩ ይህን ረዳት በብዛት በሚሰጠው የሜታቦሊዝም መንገድ እንዲያልፍ ካልተደረገ ሌላው ማሻሻያ ሁሉ ከአንድ ደረጃ አያልፍም። የጀርመን ተመራማሪዎች ዮዲት ቤከር፣ ክሪስቶፍ ቪትማንና ባልደረቦቻቸው የሴሉን የካርቦን ፍሰት በኮምፒውተር አስልተው፣ የዱሩን ባክቴሪያ በ12 የተመረጡ ለውጦች አምራች አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ባክቴሪያው ከ1 ግራም ስኳር 0.55 ግራም ላይሲን፣ በሊትርም 120 ግራም ሰጥቷል። አሥራ ሁለቱም ለውጦች በስም ተዘርዝረው ለማንም አንባቢ ቀርበዋል። ከሌላ ፍጡር የመጣ ዘረመል በመካከላቸው የለም፤ ሁሉም የባክቴሪያውን የራሱን ዘረመሎች ማጠንከር፣ ማላላት ወይም ማጥፋት ናቸው።

ሕግ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ስለ ልውጠ ሕያዋን የሚደነግግ መመሪያ በጨረርና በኬሚካል የተለወጡትን ነባር ፍጡራን ከግዴታዎቹ ነፃ አድርጓቸዋል፤ ምክንያቱ ዘዴው ለረጅም ጊዜ አገልግሎ ጉዳት አለማሳየቱ ነው። የረጅም ጊዜ ልምድ ዋጋ አለው፣ አልክደውም። ሆኖም በዚህ አሠራር ቁጥሩ ያልታወቀ ለውጥ የተሸከመ ፍጡር ሳይጠየቅ ያልፋል፤ ጥቂት የታወቀ ለውጥ ያለው ደግሞ በዘዴው ብቻ ተይዞ ይመረመራል። ለእኔ ይህ የሕዝብን ደኅንነት የሚያስቀድም አመዳደብ አይመስለኝም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው የትሪፕቶፋን ጉዳይ ነው፤ በችኮላ ሊታለፍም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ለእንቅልፍና ለጭንቀት ብለው ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ በኪኒን የወሰዱ ሰዎች በከባድ የጡንቻ ሕመም ተያዙ፤ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸውም ከልክ በላይ በዙ። ከ1,500 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ ቢያንስ 37 ሞቱ። ምርመራው ያመራው ሾዋ ዴንኮ ወደተባለ አንድ የጃፓን አምራች ነው። ኩባንያው ዘረመሉ የተለወጠ አዲስ ባክቴሪያ ሥራ ላይ አውሎ ነበር። በዚያው ወቅት ግን ምርቱ የሚጣራበትን የከሰል ዱቄት መጠን ቀንሷል። በምርቱ ውስጥም ሁለት የትሪፕቶፋን ሞለኪውሎች ተጋጥመው የተፈጠሩበትን ጨምሮ በጥቂት መጠን ያሉ ባዕድ ነገሮች ተገኙ። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ጊዜ ስለተደረጉ የጥፋቱን ድርሻ ለያይቶ መፍረድ አልተቻለም፤ ክርክሩም አልተዘጋም። የዘረመል ምሕንድስና ተቃዋሚዎች አደጋውን ማስረጃቸው ያደርጉታል፤ ደጋፊዎቹ ጥፋቱን በከሰሉ ላይ ይጭናሉ። የሁለቱም ወገን ርግጠኝነት ከማስረጃው ያልፋል። አንድ ባክቴሪያ ከተፈጥሮ ልኩ በብዙ እጥፍ እንዲያመርት ሲደረግ ከዋናው ምርት ጋር ያልታሰበ ተጓዳኝ ነገር ሊበዛ ይችላል፤ ይህ በኬሚካል ለተለወጠውም በምሕንድስና ለተለወጠውም እኩል ይሠራል። ስለዚህ ባክቴሪያው በተቀየረ ቁጥር፣ ማጣሪያውም በተነካ ቁጥር፣ ምርቱ እንደ አዲስ ሊመረመር ይገባል። ሰዎች የሞቱት ይህ በበቂ ስላልተደረገ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ተቃውሞ የተለወጠው ባክቴሪያ ወይም ዘረመሉ ከጋኑ ሊያመልጥ ይችላል የሚል ነው። ላይሲን ከማንም ይምጣ ከማን ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ ዶሮዋ ከአኩሪ አተር የመጣውን ከባክቴሪያ ከመጣው መለየት አትችልም። ከላይሲኑ ጋር አብሮ የሚመጣው ግን ሊለያይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጀርመን ውስጥ ከቻይና በገባ ለመኖ የሚሆን ቫይታሚን ቢ2 ውስጥ ፈቃድ የሌለው፣ ዘረመሉ የተለወጠ ሕያው ባሲለስ ሰብቲሊስ ተገኝቷል። ባክቴሪያው ከጋኑ ወጥቶ፣ ማድረቂያውን አልፎ፣ ድንበር ተሻግሮ ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ብዙ አምራች ባክቴሪያዎች የሚሸከሟቸው የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ዘረመሎች ናቸው። እነዚህ በላቦራቶሪ የተለወጠውን ሴል ካልተለወጠው ለመለየት የሚገቡ ምልክቶች ሲሆኑ ወደ ሌሎች ባክቴሪያዎች ከተዛመቱ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት ያኮላሻሉ። ደግነቱ ዛሬ ምልክቱን ሥራው ሲያልቅ ከሴሉ አጽድቶ ማውጣት ይቻላል። ላይሲን የሚያመርት ኩባንያ ይህን አላደረግሁም ካለ የሚቀርብለት ሰበብ የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከሚጠየቅ ላይሲኑን ለምን በሰብሉ ውስጥ አናገኘውም የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው እኛን በቅርብ ይነካል። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰቡ የማሽላ ዘሮችን ሲመረምሩ ከፍተኛ ላይሲን ያገኙት በሁለት የኢትዮጵያ ዝርያዎች ውስጥ ነው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙት። ዘሮቹ ከወሎ የመጡ ነበሩ፤ ገበሬው ወተት በጉንጬ ከሚላቸው ማሽሎች ወገን። ተራ ማሽላ በ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2 ግራም ያህል ላይሲን ሲኖረው እነዚህ ከ3 ግራም በላይ ነበራቸው። በላይሲኗ የታወቀችው ሂፕሮሊ የተባለች ገብስም መነሻዋ ኢትዮጵያ ናት። የወሎ ገበሬ ይህን ሀብት ጠብቆ ማቆየቱ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን የማሽላው ፍሬ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ዱቄታማና ቀላል ይሆናል፤ ገበሬው ከሌላው ማሽላ መሐል ጥቂት ዘርቶ በእሸትነቱ ጠብሶ ይበላዋል እንጂ ጎተራውን አይሞላበትም። በላይሲን ሲያተርፍ በምርት ይከስራል። ሰው እሸቱንም ሽሮውንም በልቶ ጉድለቱን ሊሞላ ይችላል፣ መሙላቱም የተሻለ ነው፤ ባክቴሪያው የተሠራው ለሰው ማዕድ ምትክ እንዲሆን አይደለም። መኖ ላይ ግን ስሌቱ ይለያል። ላይሲን ካልተጨመረ ጉድለቱን ለመሙላት ብዙ የአኩሪ አተር ፋጉሎ መጨመር ግድ ይላል፤ ያኔ ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች ይተርፉና ናይትሮጂናቸው ከኩሱ ጋር ወጥቶ አየሩንና ውኃውን ይበክላል። በአሳማ ርባታ ላይ እንደታየው በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን በአንድ የመቶኛ ነጥብ ሲቀነስና አሚኖ አሲዱ ሲሟላ የሚወጣው ናይትሮጂን ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ከመኖም ውጭ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ሲስቴይን የተባለው አሚኖ አሲድ በፋብሪካ ዳቦ ውስጥ ሊጡን ለማለስለስ ይገባል። ለረጅም ጊዜ ይወጣ የነበረው ከወፍ ላባ፣ ከአሳማ ጠጉርና ከሰው ፀጉር ነው፤ አሁንም ከላባ የሚወጣ አለ። የጀርመኑ ቫከር ኩባንያ ግን ዘረመሉ በተለወጠ ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ከስኳር ያመርተዋል። ውጭ አገር ሆኖ በጾም ወራት የዳቦ መለያ ጽሑፍ የሚያነብ ክርስቲያን፣ ሐላል መሆኑን የሚጠይቅ ሙስሊምም፣ ይህ ልዩነት ያገባቸዋል። ብያኔው የሃይማኖት አባቶችና የዑለማዎች ነው። ጥያቄው እንዲነሣ ግን ምርቱ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት፤ ዘረመሉ ተለውጧል የሚለው ቃል ብቻውን የሚያስደነግጠው ሰው ከላባ የተሠራውን ሳያውቅ ሊመርጥ ይችላል።

ስለ ኩባንያዎች ኃይል የሚነሣው ሥጋት በበኩሉ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥቂት የላይሲን አምራቾች ተመካክረው ዋጋ ሲወስኑ ተደርሶባቸዋል፤ አሜሪካዊው አርቸር ዳንየልስ ሚድላንድ እ.ኤ.አ. በ1996 በላይሲንና በሲትሪክ አሲድ ክስ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል፤ ከእስያ አምራቾችም ተባባሪዎች ነበሩ። ይህ ወንጀል የተሠራው ግን በዘረመል ምክንያት አይደለም፤ ዕውቀቱና ጋኖቹ በጥቂቶች እጅ ስለነበሩ ነው። በኬሚካል የተመታው ባክቴሪያ ምሥጢሩ በኩባንያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀር ነበር፤ ሌላው ቢፈልግም አይደግመውም። አሥራ ሁለት ለውጦች በስም የታተሙበትን ሥራ ግን ፓተንቱ ባይፈቅድለት እንኳ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊማርበት ይችላል።

ለኢትዮጵያ ምን ይሆናል? ከስኳር ፋብሪካዎቻችን ሞላሰስ ይወጣል፤ ፊንጫና መተሐራ ኢታኖል ሠርተውበታል። ከሞላሰስ ላይሲን ማምረትም ይቻላል። ቢሆንም ከስኳሩ ሌላ አሞኒያ፣ ፍጹም ንጹሕ የሆነ ጋን፣ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ አየርና መብራት ይፈልጋል፤ ነገ ፋብሪካ ይተከል የሚል ጥሪ አላሰማም። ፍተሻው ግን ነገን አይጠብቅም። በእኛ አገር ስለ ልውጠ ሕያዋን የተደረገው ክርክር በዘር ላይ ያተኮረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655፣ የ2015ቱ ማሻሻያው፣ በ2018 የተፈቀደው ዘረመሉ የተለወጠ ቢቲ ጥጥ፣ ሁሉም ሰውን ሲያነጋግሩ የኖሩት በእርሻው በኩል ነው። ለዶሮ መኖ ከውጭ የሚገባው ላይሲን በከረጢት መጥቶ ከበቆሎው ጋር ሲቀላቀል ግን ማንም አይሟገትበትም።

ከረጢቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ ሲሆን ተጣርቶ ነጥሮ 98.5 በመቶ ንጽሕና ያለው ምርት ነው። ሌላው ላይሲን ሰልፌት ነው፤ ይህ የሚሠራው በጋኑ ውስጥ ያለው ፍላት እንዳለ ደርቆ በመሆኑ የሞቱት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ከነዲኤንኤያቸው በውስጡ ይገኛሉ። መሞታቸው ከተረጋገጠ ዶሮ ልትበላቸው ትችላለች፣ ፕሮቲንም ናቸው። ነገር ግን አስመጪው ስለ ባክቴሪያው ዝርያ፣ ስለተደረገበት ለውጥ፣ የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ዘረመል እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ሕያው ሴል እንዳልተገኘበትም የሚያሳይ ሰነድ ከጭነቱ ጋር እንዲያቀርብ ሊገደድ ይገባል። ሰነዱን እዚሁ ማረጋገጥም ከአቅም በላይ አይደለም። የቀረ ዲኤንኤ የሚፈለገው በፒሲአር ሲሆን፣ ይህን ምርመራ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በየክልሉ ሥራ ጀምረዋል።